ዘጠኝ ሚሊሜትር

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር የዕቃ መዝገብ ነው። ያመጣችው ልጄ ናት። «አባዬ፣ ምኑን ከየት እንደፈታኸው ካልጻፍክ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ብትሰበርብኝ ምን ብዬ ነው መለዋወጫ የምጠይቀው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለዚህች ሞተር ሳይክል መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ በዓለም ላይ የለም።

እንግዲህ ልጻፍ። ሻንሲው ከሁለት የተጋጩ ሞተር ሳይክሎች የተገኘ ነው፤ ፊቱ ከአንዱ፣ ኋላው ከሌላው፣ መሃል ላይ በያጁ ጎረቤቴ አጋባቸው። መሪው የሆስፒታል አልጋ መደገፊያ ብረት ነበር። የነዳጅ ታንከሩን ከአሮጌ የውሃ መሳቢያ ፈታሁት። መቀመጫው ከተዘጋ ፀጉር ቤት የወጣ ወንበር ነው። የፊት ጎማዋ ከኋላው ስለሚያንስ አፍንጫዋን ደፍታ መሬት የምታሸት ትመስላለች፤ ሰፈሩ «አይጧ» የሚላት ለዚህ ነው። ቀለም አልተቀባችም፣ አትቀባምም። የዚህ ዓይነት ሞተር ደንቡ አንድ ነው፦ ለመሄድ የማያግዝ ነገር አይገጠምባትም።

ልጄ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ አናት ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ተመድባለች። አውቶቡስ ድልድዩ ጋ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ጭቃ ነው። ሞተር ሥራልኝ ብላ ለመነችኝ፣ እሺ አልኳት። ማንም አላስገደደኝም።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ተነሳች! በአራተኛው ርግጫ። ጭሷ ግቢውን ሞላው። ልጄ ጮኸች፣ በያጁ አጨበጨበ፣ ሚስቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ በሩ ላይ ቆመችና ከላይ እስከ ታች አየቻት። ዝናብ ያገኛታል፣ ዝገቱ ይብስባታል ብዬ ብሰጋ «ተዋት፣ እንኳን ዘንቦባት እንዲያውም ጤዛ ናት» አለችኝ።

ስቄ ሞትኩ። ልጄ ግን አኮረፈች። መሪውን በመዳፏ እያሻሸች «አትስሚያት» አለቻት። ብረት ታባብላለች። ይህችስ በኔ ነው የወጣችው።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

አንድ ድምፅ አለ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ከታች በኩል፣ ጥርስ የማፋጨት ዓይነት። በያጁን ጠርቼ ጆሮውን አስደገፍኩት።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አልሰማም።»

«ደህና አድርገህ ስማ።»

«ደህና አድርጌ ነው የማልሰማው።»

ሞተሩን ልፈታው ነው። ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። አይታወቅም።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

ኩሽኔታው ደህና ነው። ለማንኛውም ቀየርኩት።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔና ልጄ ከአይጧ ሥር ጎን ለጎን ተጋድመን የኋላውን ፍሬን ሠራን። ሁለታችንም ፊታችን ግራሶ በግራሶ። ዳዶውን ሳልጠይቃት ታቀብለኛለች፤ አሥራ ሦስት ቁልፍ ስፈልግ አሥራ ሦስት እጄ ላይ አለ። ስድስት ዓመቷ ሳለ ካንዴላ እያጸዳች ከጎኔ ትቀመጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ጣቶቿ ከካንዴላው ይቀጥኑ ነበር።

«የአጎቴ ሞተር እንዴት ነበረች?» አለችኝ ድንገት።

«ቀይ።»

«እሱን መች ጠየቅኩህ?»

ስምንት ቁልፍ አቀብይኝ አልኳት። የስምንት ዳዶ እዚያ አልነበረም። አቀበለችኝ፣ ያዝኩት።

ሰኔ 24፣ ሰኞ

ድምፁ አሁንም አለ። ሞተሩን እንደገና አወረድኩት። ስምንት ቀን የማይሞላ ጊዜ ነው የቀራት፤ ባይደርስ ምን ይደረጋል? የመጀመሪያውን ወር ብትቀርስ? ሌላ ሰው ይመድባሉ። ደግሞ ዝናብ ነው፣ ሕፃን በዝናብ ወር ለመወለድ ምን ያስቸኩለዋል።

ውሃ ልቀዳ ስገባ ሚስቴ ለበያጁ ስትነግረው ሰማሁ። «ሞተሯማ ካለቀች ቆየች። ያላለቀው እሱ ነው።»

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ማለዳ ሻይ ስንጠጣ ሚስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ልጅቷ ወንድምህ አይደለችም» አለችኝ። ይህችን ብቻ። ተነስታ ወደ ስፌቷ ሄደች።

ይህ የዕቃ መዝገብ ስለሆነ ስለ ወንድሜ እዚህ የሚጻፍ ነገር የለም። ታናሼ ነበር። ሞተሯን የሠራሁለት እኔ ነኝ። እስከምትችለው ድረስ እንድትሮጥ አድርጌ ሠራሁለት፣ እሱም እስከምትችለው ድረስ አስሮጣት። ሃያ አንድ ዓመት ሆነው።

ሰኔ 28፣ ዓርብ

ሞተሩን ገጠምኩት። ድምፅ የለም። በያጁ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ፤ ማሾፉ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር አስተካከልኩ። ካርቡራተሩ ውስጥ፣ የነዳጅ እጀታው ሲጠመዘዝ ወደ ላይ የምትነሳ ትንሽ በር አለች። ከፍ ባለች ቁጥር ሞተሩ ብዙ ይተነፍሳል፣ ብዙ ይሮጣል። ከበሯ በላይ ዘጠኝ ሚሊሜትር የመዳብ ቱቦ ቆርጬ አስገባሁ። አሁን ከግማሽ በላይ አትነሳም። በሜዳ ላይ ሞከርኳት፤ ከአርባ አታልፍም። ክዳኑ ሲዘጋ ምንም አይታይም።

ለነዳጅ ቁጠባ ጥሩ ነው። እዚያ ማደያ የለም።

ለልጄ አልነገርኳትም። የምታስበው ብዙ ነገር አላት።

ሰኔ 30፣ እሁድ

ሄደች።

እናቷ ከሦስት የተሰበሩ ጃንጥላዎች ጨርቅ የዝናብ ካባ ሰፍታላታለች፤ ጥቁር፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። አይጧ ላይ ወጥታ ካባዋን ስትዘረጋ የሌሊት ወፍ መሰለች። ሚስቴ እየሳቀች አለቀሰች። እኔ የጎማውን ነፋስ ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁ።

«አባዬ፣ በቃ ተነፋ።»

«ቁልቁለት ላይ ቀስ በይ።»

«እሺ።»

«ዳገትም ላይ።»

«ዳገት ላይ እንዴት ነው ቀስ የሚባለው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። «የሌላ ሰው እጅ ሥራ ብትሆን ኖሮ ይችን የብረት ቁርጥራጭ አልወጣባትም ነበር» አለች።

ቱቦው ትዝ አለኝ። አንድ ነገር ልል ነበር። እሷ ግን ረገጠቻት፣ ተነሳች፣ ሄደች።

ሐምሌ 7፣ እሁድ

መጣች! እስከ ወገቧ ጭቃ ናት፣ ጥርሷ ብቻ ነጭ። ሳትታጠብ ነው ማውራት የጀመረችው። ወንዙ ዳር ያሉት አሸዋ ጫኞች ሲያዩዋት እጅ ይነሳሉ፤ ሴቶቹ የአይጧን ድምፅ ከሩቅ ለይተው «አዋላጅዋ መጣች» ይላሉ። አምስት ሕፃናት ተቀብላለች። ስትናገር እጇ እንዴት እንደያዛቸው እያሳየችኝ ነበር።

«ብቻ ዳገት ላይ ትሰንፋለች፣ አባዬ። የያዛት ነገር ያለ ይመስላል።»

«አሮጊት ናት። ታገሻት።»

«እሺ» አለች። አመነችኝ። ያልኳትን ሁሉ ስታምነኝ ነው የኖረችው።

እራት አልበላሁም። ሆዴን ነው አልኩ።

ሐምሌ 14፣ እሁድ

ዝናብ። መንገዱ ተዘግቷል፣ አልመጣችም። ስልክ ላይ በስንት ፍጥነት ትነጃለሽ አልኳት። «ከአርባ መች ታልፋለች?» አለችኝ። በደስታ ነው ያለችው። በሰላም ትሄዳለች፣ በሰላም ትመለሳለች። ከዚህ ሌላ አባት ምን ይፈልጋል?

ቀጣዩን እሁድ ስትመጣ ቱቦውን አወጣዋለሁ። ወይም ዝናቡ ሲያባራ።

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

ልጄ ደህና ናት። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ።

ጠዋት ስልክ ደወለ። ሚስቴ አነሳችው፣ ስትሰማ ቆየች፣ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። የልጄ ድምፅ ሻክሯል።

ረቡዕ ዕለት ከዳገቱ ሥር ካለው መንደር ምጥ የጠናባት ሴት አለች ብለው ጠሯት። ሄደች። ሴትዮዋን ከኋላዋ አስቀምጣ፣ በነጠላ አስራ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ተነሳች። ዳገቱ ግማሽ ላይ አይጧ እምቢ አለች። እጀታውን እስከ መጨረሻው ብትጠመዝዘው ሞተሯ ታለቅሳለች እንጂ አትሄድም። ባልየውና ሁለት አሸዋ ጫኞች ደርሰው ገፉ። ሕፃኑ ግን አልጠበቃቸውም፤ መንገድ ዳር፣ በካባው ሥር ተወለደ። ከዚያ እናቲቱ መድማት ጀመረች። የሚያቆመው መርፌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ ከዳገቱ በላይ ነው። ሲደርሱ ሴትዮዋ ለጥያቄ መልስ አትሰጥም ነበር።

ተርፋለች። ሕፃኑም ደህና ነው።

«አርባ ደቂቃ አባከንኩባት» አለችኝ ልጄ። «ማርሹን በጊዜ አልቀነስኩም መሰለኝ፤ ደንግጬ ነበር። እዚህ ሁሉም ሞተሯን ይሰድባሉ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ አባቴ የሠራትን አትስደቡብኝ አልኳቸው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። በላተኛው እኔ፣ ተመቺዋ እሷ። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። «አይዞሽ» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ። አይዞሽ አልኳት!

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ለሚስቴ ነገርኳት። ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፤ መቀሱ መሃል ላይ ቆመ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«የፈሩት ይደርሳል» አለች በቀስታ። «ልጅቷ እንዳትወድቅ ብለህ ሌላ ሰው ልትገድል ነበር።»

«ምን ላድርግ?»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ጫማህን አድርግ።»

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ትናንት በአሸዋ መኪና እስከ ድልድዩ ሄድኩ፤ ከዚያ በእግሬ። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ስጽፈው አጭር ነው። ያቺ ሞተር የቆመችበትን ዳገት አየሁት። የጎማዋ ፈለግ ጠርዙ ላይ አለ፣ ከጎኑ ሲገፉ የሰመጠ የሰዎች እግር ዱካ አለ። እዚያ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ደክሞኝ አይደለም።

ጤና ጣቢያው ሦስት ክፍል ነው። አይጧ ከበረንዳው ሥር በላስቲክ ተሸፍናለች። ልጄ ሥራ ላይ ስለነበረች በረንዳው ላይ ስጠብቅ፣ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷ ገርጥቷል።

«የሞተሯ አባት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«የልጅቷ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እሷ ባትኖር እኔም የለሁ።» ከዚያ ሕፃኑን ይቀፉት ብላ ሰጠችኝ። ምን ማድረግ እችል ነበር? ታቀፍኩት። ከአንድ ሙሉ ጋሎን አይከብድም። ጣቴን ይዞ አልለቀው አለ። እኔ ምን እንዳደረግኩ ብታውቂ አይደለም ልጅሽን፣ ሰላምታሽንም አትሰጪኝም ነበር እያልኩ በሆዴ፣ አፌ ግን «ያሳድግልሽ» ይላል።

ልጄ ስትወጣ አየችኝ። ሮጣ መጣች። «አባዬ! በእግርህ?» ጫማዬን አየች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋ ቆመ።

ከአይጧ ጎን ሄደን ቁጭ አልን። ነገርኳት። ካሰብኩት ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ለማስረዳት ብዬ ስለ ወንድሜ ጀመርኩ፣ እጇን አነሳችና አስቆመችኝ። ከኪሴ የቡሎን መፍቻዬን ወሰደች፤ የካርቡራተሩን ክዳን ራሷ ፈታችው። እኔ ከምፈታው በፈጠነ። ቱቦዋ እጇ ላይ ወደቀች። አገላብጣ አየቻት፤ ጠርዟን በሞረድ ማለስለሴን ሳይቀር አየችው።

«ጥሩ አድርገህ ነው የቆረጥካት» አለች።

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«አትሂጂ ብትለኝ እኮ እጣላህ ነበር። ተጣልተን እንታረቅ ነበር። አንተ ግን ሂጂ እያልክ እግሬን ያዝክ።» እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። «ሴትዮዋ ‘እሞታለሁ እንዴ?’ ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? ‘ሞተሯን አባቴ ነው የሠራት፣ ታደርሰናለች’ ነው ያልኳት።»

የክዳኑን ቡሎኖች ከመሬት ለቃቀምኩ።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ክፍል ውስጥ አደርኩ። ጠዋት ስነሳ ይዘንባል። ልጄ በር ላይ ቆማ ነበር። ካባውን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ቆለፈችልኝ፣ እንደ ሕፃን። እኔም እሷ እንዳትረጥብ ብዬ እንኳን ልከራከር አልደፈርኩም።

ሐምሌ 28፣ እሁድ

መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ። አልመጣችም።

ነሐሴ 5፣ እሁድ

አልመጣችም። ለእናቷ ደውላ ነበር። እናቷ ስልኩን ወደ እኔ ስትዘረጋ «ታካሚ መጣብኝ» ብላ ዘጋች።

በያጁ መጥቶ ዝም ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱ ዝም ማለት አይችልበትም፤ ስለዚህ ነው ነገሩን ማወቁን ያወቅኩት።

ነሐሴ 8፣ ረቡዕ

ሥራ አልያዝልህ አለኝ። የሰው ሞተር ፈትቼ ስገጥም አንድ ቡሎን ተረፈችኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ፣ ቡሎን ተርፋኝ አታውቅም።

ይህ መዝገብ ስለሆነ እርማት ላስገባበት። ሰኔ 28 የጻፍኩት ውሸት ነው። ለነዳጅ ቁጠባ አልነበረም። ሦስተኛ ማርሽ ላይም ድምፅ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ልጄን ከወንድሜ ጎን ተቀብራ አየኋት፣ በቀን፣ ዓይኔ ተከፍቶ። ይህን ብነግራት ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ለማንም አልነገርኩም። ናፍቃኛለች።

ነሐሴ 12፣ እሁድ

ዛሬም።

ነሐሴ 19፣ እሁድ

ረፋዱ ላይ ሚስቴ አንገቷን ቀና አደረገች። እኔ አልሰማሁም ነበር። ቀጥሎ ሰማሁ። ከሩቅ፣ ከድልድዩ በኩል፣ ሙሉ ጉሮሮዋን ከፍታ የምትመጣ ሞተር። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ወድጄ ነው፣ ፈርቼ ነው፣ እንጃ፣ ወጥቼ በሩን ከፈትኩ።

ገባች። አይጧን በር ላይ አቆመችና እናቷን አቀፈች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ከስታለች።

«የኋላው ፍሬን አይዝም» አለችኝ። «ጭቃው በልቶታል። እይልኝ።»

«እዚያ የሚሠራ ሰው የለም?»

«አለ። ድልድዩ ጋ አንድ ጎበዝ ሰው አለ።»

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጋራዡ ጥግ ያለው የመኪና መቀመጫ ላይ ተጋደመች። ከእንግዲህ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ዳዶ የምትቆጥር መስሎኝ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሥራውን ሳልጨርስ፣ ሳልጀምርም፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጎማውን አወረድኩ። የፍሬኑ ሸራ ወረቀት ሆኗል። ከተጣለ የጭነት ባጃጅ ሸራ አገኘሁ፤ ሰፊ ነው፤ በመጋዝ አጠበብኩት፣ በሞረድ ልኩን ሰጠሁት። እንዳትነቃብኝ መዶሻ አላነሳሁም። ሽቦውን ቀየርኩ። ግቢው ውስጥ እየገፋሁ አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ሞከርኩት። ልጄ ስትተነፍስ እሰማታለሁ። ስታድግ እንደዚህ ስትተኛ ስንት ቀን ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ ግን አላውቅም።

አሥር ሰዓት ግድም ነቃች። ዳቦና ሻይ ቀመሰች። ስለ አጎቷ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፣ ከቀዩ ቀለም ጀምሬ እስከ መጨረሻው። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ እጄን ያዘች፣ ግራሶ ነው ብላት አለቀቀችም።

ከዚያ ተነሳች። መምሸቱ ነው፣ ነገ ጠዋት ተረኛ ናት። ጎማውን አላየችም፣ ሽቦውን አልነካችም፣ ቀጥታ ወጣችባት።

«ፍሬኑን አትሞክሪውም?» አልኳት።

«አንተ ሞክረኸዋል አይደል?»

«ሞክሬዋለሁ።»

«በቃ» አለችና ረገጠቻት።

ከበራችን ጀምሮ እስከ ዋናው መንገድ ቁልቁለት ነው። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። በፍጥነት ወረደች፣ እኔ ከምፈልገው በላይ በፍጥነት። ከታች፣ ከመታጠፊያው በፊት፣ ፍሬኑን ረገጠችው። ያዘላት።